ማዳምሽ የት ናት?

ቤይሩት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት "ስምሽ ማን ነው?" ብሎ ከጠየቀኝ ሰው ይልቅ "ወይን ማዳም?" ያለኝ ይበልጣል፤ ማዳምሽ የት ናት ማለት ነው። ሱፐርማርኬት ሰልፍ ይዤ፣ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ቆሜ፣ መድኃኒት ቤት ገብቼ፣ ሊፍት ስጠብቅ (ሊፍቱ መብራት ካገኘ)። ብዙዎቹ ክፋት አስበው አይደለም፤ የሚያደክመውም ይኸው ነው። ክፋት ቢሆን መልስ አለው። እነሱ ግን የሚጠይቁኝ ገበያ መሐል የጠፋ ሕፃን ያገኘ ሰው "እናትህስ ማሙሽ?" በሚልበት ድምፅ ነው።

ማዳም የለኝም። ተማሪ ነኝ። የምማረው ማሪታይም ቢዝነስ ይባላል፦ መርከብ እንዴት እንደሚከራይ፣ ጭነት እንዴት እንደሚዋዋሉበት፣ ጉዳት ሲደርስ ማን እንደሚከፍል፣ ወደብ እንዴት እንደሚተዳደር። ይህን ስናገር ሁለተኛው ጥያቄ ከፊታቸው ላይ ሲነሳ አየዋለሁ። "ኢትዮጵያ ባሕር አላት እንዴ?"

የላትም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የላትም። ለዚህ ጥያቄ ቤይሩትን ብቻ አልወቅስም፤ የገዛ ዘመዶቼም ጠይቀውኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከበኝነት ሥልጠና የወሰዱ ልጆች "ጣና ላይ ነው የምትነዱት?" እየተባሉ ነው ተመርቀው የወጡት። የሙያው ሰዎች ሁላችን ይህን እሮሮ እንጋራለን። ሰው የማይገባው፣ ባሕር ያለው አገር የባሕር ንግድ ባያውቅ እንኳ ዕቃው ደጁ ድረስ ይመጣለታል፤ እኛ ግን ዕቃችን የሰው ደጅ ላይ ለቆመበት ለእያንዳንዱ ቀን እንከፍላለን። ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከመቶ ዘጠናው በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው።

ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። የሞጆ ልጅ ነኝ። አባቴ ተሳቢ ይዞ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነበር፤ ጋላፊ ላይ ስንት ሌሊት እንዳደረ እሱም አይቆጥረውም። ባሕር ልማር ነው ስለው ብዙ አልተገረመም። "ባሕሩን እኔ አይቼዋለሁ ልጄ፣ ወረፋ ነው" አለኝ። እናቴ ግን የቤይሩትን ስም ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሳው አውሮፕላናችን 90 ሰዎች እንደያዘ እዚሁ ባሕር ውስጥ መውደቁን አልረሳችም። የሄድኩት ግማሽ ክፍያ የሚሸፍን ዕድል ስላገኘሁ እንጂ ቤይሩትን መርጬ አይደለም፤ እሷ ግን ዛሬም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ወደ ባሕሩ መጠጋት አለመጠጋቴን ነው።

ክፍል ውስጥም ባሕር አልባነቴ አለቀቀኝም። አንድ ቀን የመርከብ ባንዲራ ትምህርት ላይ የኛን መርከቦች ሥዕል አሳየሁ። የኢትዮጵያ የባሕር ማጓጓዣ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ወደብ ስናጣም ሳይፈርስ፣ ዛሬ ባሕር ትራንዚትንና ደረቅ ወደብን አቅፎ አለ። ከመርከቦቹ ኋላ ላይ፣ የመዝገብ ወደብ በሚጻፍበት ቦታ፣ "አዲስ አበባ" ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ወደብ ሆና! ጎኔ የተቀመጠ አንድ ሶርያዊ "መልሕቁን እንጦጦ ላይ ነው የምትጥሉት?" አለኝ፤ እንጦጦን የነገርኩት እኔው ነኝ፣ ምላሴን ይቁረጠው። ሕጉ ግን ከኔ ጋር ነው። ባሕር የሌለው አገር በስሙ መርከብ መመዝገብ እንደሚችል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ማንም አልጻፈውም። ፈተና ላይ መጣ፤ ያኔ እየዞሩ ጠየቁኝ።

ሳቁ የቆመው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሮሱስ ወደሚባለው መርከብ ታሪክ ስንደርስ ነው። ቤይሩት ውስጥ ይህን ትምህርት የሚያስተምር ሰው ከሮሱስ ሊሸሽ አይችልም። ከዋናው መንገድ ዳር የተገመሰው የእህል ጎተራ ቆሞ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ከጆርጂያ ባቱሚ ወደ ሞዛምቢክ ቤይራ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭኖ የወጣ አሮጌ መርከብ፣ ተጨማሪ ጭነት ሊወስድ ቤይሩት ገባ። ጭነቱን መሸከም አቃተው። ተመርምሮ "ለባሕር ብቁ አይደለም" ተብሎ ታገደ። የወደብ ክፍያ ቆመበት። ባለመርከቡ ተወው። ካፒቴኑና ሦስት ባልደረቦቹ መውረድ ተከልክለው ለወራት እዚያው መርከብ ላይ ኖሩ፤ ካፒቴኑ ለጠበቃ የሚከፍለው አጥቶ የመርከቡን ነዳጅ እንደሸጠ ተናግሯል። ጭነቱ ወርዶ መጋዘን ቁጥር 12 ገባ፣ መርከቡም እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ወደብ ውስጥ ሰጠመ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 የጉምሩክ ኃላፊዎች "ይህን ነገር አንሱልን" እያሉ ደጋግመው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ሁሉ ቁጥርና ማኅተም አለው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ፣ የሆነው ሆነ፤ ጭነቱ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ።

የመርከቡ ባንዲራ የማን ነበር? የሞልዶቫ። ሞልዶቫ ደግሞ ዳኑብ ወንዝ ዳር ካላት ጥቂት መቶ ሜትር በቀር ባሕር አታውቅም። መምህርታችን "ባሕር አልባ አገር" ያሉ ጊዜ ክፍሉ በአንድነት ዞሮ እኔን ተመለከተ። ኧረ የሰው ያለህ! የሞልዶቫን ዕዳ እኔ ልክፈል? የምቾት ባንዲራ ማለት ባለመርከብ ቁጥጥር የላላበትን አገር ፈልጎ የሚሰቅለው ነው፤ የኛዎቹ መርከቦች ባለቤት ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት እጄን አነሳሁ። መብራት ጠፋ።

መብራት ካልኩ አይቀር። የመንግሥቱ በቀን ጥቂት ሰዓት ብልጭ ይላል፤ የቀረውን የሰፈር ጄኔሬተር ባለቤት በወር ክፍያ ይሸጥልሃል፣ ኢሽቲራክ ይሉታል። እሱም በሰዓቱ ይጠፋል። የምኖረው ሰባተኛ ፎቅ ነው፤ ቀሪውን ገምቱት። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለኃይል ማመንጫው ነዳጅ የጫኑ መርከቦች የሊባኖስ ባሕር ላይ ቆመው ነበር፤ ክፍያው አልተለቀቀም። መርከብ ከውሉ በላይ ሲቆም ዲመሬጅ ይቆጥራል፣ በቀን በዶላር። የዚያን ሳምንት የቤት ሥራችን ምን ነበር ብትሉ፣ የዲመሬጅ ስሌት። ነዳጁ ባሕር ላይ ቆሞ ዲመሬጅ ይቆጥራል፣ እኔ ነዳጁ ስላልወረደ በሻማ ዲመሬጅ አሰላለሁ። አባቴን በስልክ ይህን ስነግረው ከልቡ ሳቀ። "ትምህርቱ ገብቶሻል" አለኝ።

ቋንቋው ሌላ ጉድ ነው። ማስታወቂያው ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ተብሏል። እውነት ነው፣ በእንግሊዝኛ ይጀመራል። ጠቃሚው ነገር ሲመጣ ወደ ፈረንሳይኛ ይሻገራል፣ ቀልዱ በዓረብኛ ነው። አንዷን ወረቀት መምህርታችን አንዴ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ አንዴ ኮኔስማን፣ አንዴ ቡሊሳት ሻሕን ይሏታል፤ ሦስት የተለያዩ ሰነዶች መስለውኝ አንድ ወር ሙሉ ሦስተኛውን ስፈልግ ነበር። የኛ ትራንዚተሮች "ቢል ኦፍ ሎዲንግ" የሚሏት ያቺው ናት። ናይጄሪያዊው፣ ሱዳናዊቷና ኢራቃዊው የክፍል ጓደኞቼም የየራሳቸው አላቸው፤ ካፊቴሪያ ስንገናኝ ሌላ ወሬ የለንም። ኢራቃዊው ዓረብኛ እያወቀ የቀልዱ ዓረብኛ አይገባውም፣ ያ ትንሽ ያጽናናኛል።

ገንዘቡንስ ማን ያንሳው! ክፍያ በ"ፍሬሽ" ዶላር ነው፤ ባንክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የታሰረው ሌላ ዶላር ነው፣ ለሱም ስም አውጥተውለታል፣ ሎላር። አንድ ዶላር 1,507 ሊራ የነበረበትን ዘመን ያዩ ዛሬ 89,500 ሲመነዝሩ ቁጥሩን በቁም ነገር አይወስዱትም። እኔም ልስቅባቸው አልችልም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ ከ57 ተነስቶ የሄደበትን መንገድ አይቻለሁ። አባቴ ጡረታውን ይዞ ባንክ ለባንክ ዞሮ፣ "ለተማሪ ምንዛሪ" የሚለውን ቅጽ ሞልቶ፣ የቅበላ ደብዳቤዬን አስተርጉሞ፣ ማኅተም አስመትቶ ሲልክልኝ ሰሚስተሩ ሊያልቅ ይቃረባል። ሁለት ዓመት የተባለው ትምህርት ሦስተኛው ውስጥ የገባው በዚህም ነው፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በመጣው ጦርነት ክፍል ሲዘጋም ተጨመረበት። ከላያችን የሚያንዣብበውን ድሮን ሰዉ ኤም ካ ይለዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ያጓራል። እሱ ሲጮህ ስለ መድን አንቀጽ ማጥናት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልሞክርም።

አሁን ወደ ወደቡ ልውሰዳችሁ። ሰሚስተሩ ሲጋመስ የወደብ ጉብኝት አለ። የኮንቴነር ተርሚናሉን ላይ ታች የምናይበት፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ሁሉ የጓጓሁለት ቀን ነው። ሞጆ ላይ ልጆች ሆነን የኮንቴነር ቀለም እየቆጠርን ነው ያደግነው፤ ሰማያዊው ላይ የተጻፈው ሲ ኤም ኤ ሲ ጂ ኤም የቻይና ስም ይመስለን ነበር። መሥራቹ ዣክ ሳዴ የዚሁ የቤይሩት ልጅ መሆኑን፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ አገር አስለቅቆት እ.ኤ.አ. በ1978 ማርሴይ ላይ በአንድ መርከብ መጀመሩን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የቤይሩትን ተርሚናል የሚያንቀሳቅሰው የእሱ ኩባንያ ነው። የልጅነት ሰማያዊዎቼን ከነእናታቸው ላይ ነው እንግዲህ።

ስም ዝርዝር ከወር በፊት ተልኳል። በሩ ላይ ስንደርስ የሁሉም ስም ተጠራ፤ የኔ የለም። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ቢሮ "ለውጭ ዜጋ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል" ብሎ አውጥቶኛል፣ ለማንም ግን አልተናገረም። ሱዳናዊቷ አለች፣ ኢራቃዊው አለ። መምህርታችን ተከራከሩ፣ ስልክ ደወሉ፣ ሰዓት ሄደ፣ ሌሎቹ በፀሐይ ቆሙ። በመጨረሻ "ግቡ፣ እጠብቃለሁ" አልኩ። ገቡ። ዘበኛው ወደ እኔ መጥቶ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ወደ መምህርታችን ጀርባ እየጠቆመ፣ "ማዳምሽ እስክትወጣ እዚያ ጥላው ሥር ቆዪ" አለኝ።

ሄጄ ጥላ ሥር ቆምኩ። ሁለት ሰዓት። ከወደቡ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር፣ የሊባኖሳዊው ስደተኛ ሐውልት አለ፤ የአገሩን ልብስ የለበሰ ሰውዬ ወደ ባሕሩ ያያል። ከዚህ ወደብ ተሳፍሮ ሜክሲኮ፣ ብራዚል፣ ምዕራብ አፍሪካ የገባውን ወገናቸውን ለማስታወስ ያቆሙት ነው። ፍንዳታው ሰፈሩን ሁሉ ሲያረግፍ እሱ አልወደቀም። ጥሩ ሐውልት ነው። ሰውዬውን የሄደበት አገር ዘበኛ "ማዳምህ የት ናት?" ብሎት ይሆን እያልኩ ሳየው ቆየሁ።

የዚያን ቀን ለሚቀጥለው ክፍል እንድናነብ የታዘዝነው ስለ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ነበር፤ ጥላው ሥር ሆኜ ጨረስኩት። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወረቀቷ ዕቃው ናት። ዋናውን ቅጂ በእጁ የያዘ ዕቃውን ይረከባል፤ የያዘ ሊሸጠው፣ ሊያስይዘው ይችላል። ዕቃው ራሱ የት እንደሚሄድ አይናገርም፣ ስለዚህ በወረቀቷ ላይ "ተረካቢ" የሚል ቦታ አለ። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። እዚህ አገር ያሉ እህቶቼን ሕይወት በሦስት መስመር ተጽፎ አየሁት። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የምትኖረው በከፋላ ሥርዓት ነው፤ አንድ ከፊል (ዋስ የሆነ አሠሪ)፣ አንድ ተረካቢ አላት፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) በሱ ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል። ፓስፖርቷን በአብዛኛው የምትይዘው ማዳም ናት። ዋናው ቅጂ በማን እጅ ነው? ከቤት ከወጣች "ጠፍታለች" ይባላል፤ ስለ ዕቃ በሚነገርበት ቃል። ሊራው ሲወድቅ፣ በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን በመኪና አምጥተው ሃዝሚዬ፣ ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው አራገፏቸው። ብዙዎቹ ፓስፖርት አልነበራቸውም። ማራገፍ የሚለውን ቃል እኔ አልመረጥኩትም፤ ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው።

ስለዚህ "ማዳምሽ የት ናት?" ሲሉኝ የሚፈልጉት ተረካቢዬን ነው። ለኢቃማ እድሳት መስኮት ላይ ስቆምም እንደዚያው ነው። ባለፈው ጊዜ የምዝገባ ወረቀቴን፣ የባንክ ደብዳቤዬን፣ የቤት ኪራይ ውሌን፣ ፎቶዬን አስገብቼ፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ የሥራ ዓይነት በሚለው ላይ "የቤት ሠራተኛ" ብሎ ሞላው። "ተማሪ ነኝ" አልኩት። የተማሪነት ወረቀቱ እጁ ላይ ነው። አየው። አየኝ። ሰረዘ። ለስርዙ ማኅተም ያስፈልጋል አለና ሌላ መስኮት ላከኝ፤ ሌላው መስኮት ለምሳ ተዘግቷል። እዚያ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ የወሎ እናት፣ 17 ዓመት እዚህ የኖሩ፣ "ውዴ፣ ምን አስቸኮለሽ? እኔን አንድ ጊዜ ፊሊፒናዊት ብለው ጽፈውኛል፣ አራት ወር ኖርኩበት" ብለው አሳቁኝ።

የሳምንቱን ድካም የሚያራግፈው እሑድ ነው። ዶራ አደባባይና ቡርጅ ሐሙድ እሑድ እሑድ አገራችን ናቸው፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ የፀጉሩ ቤት፣ ወሬው። ዕረፍት የተፈቀደላት ሁሉ ትመጣለች። እዚያ ማንም ማዳሜን አይጠይቀኝም። ችግሩ ሌላ ነው። የምማረውን ለአንዷ ነገርኳት፤ "የመርከብ ጭነት ነው" አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ "ያቺ ካርጎ የምትማረው" ተባልኩ። በሚቀጥለው "ካርጎ የምትሠራው" ሆንኩ። አሁን ቡናዬን ሳልጨርስ ሰልፍ ነው። "እህቴ፣ ለእናቴ የላክኩት ካርቶን ሦስት ወሩ፣ ምን ነካው?" "የኔ ቆንጆ፣ ብርድ ልብሱ ጎድሎ ደረሰ፣ ማንን ልክሰስ?" "ኪሎው እዚህ 32 ነበር፣ አዲስ አበባ 26 ሆነ፣ ባሕር ላይ ይቀልላል እንዴ?" የላኩት እኮ በአውሮፕላን ነው። እነዚህ ሴቶች በወር ከሚያገኙት ላይ ቆጥበው የልጅ ጫማ፣ የእናት መጋረጃ፣ ሳሙና ሳይቀር ጠቅልለው ይልካሉ። "ደረሰኙን አሳዪኝ" ስል አብዛኞቹ የላቸውም። ለላኪው ሰው አምነው ሰጥተዋል፣ እሱም በስልክ "ደርሷል" ብሏል፣ አበቃ።

በእሑዱ ሰልፍ የተነሳ ሰኞ ጠዋት ለክፍል የምደርሰው ሳላነብ ነው። ቢሆንም ሁለት ካርቶን አስገኝቻለሁ፤ አንደኛው ቦሌ መጋዘን ውስጥ፣ ሁለተኛው ከጎረቤት ቤት። ሁለቱም ባለቤቶች ትንሿን ወረቀት አስቀምጠው ነበር።

እና እህቶቼ፣ በሚመጣው እሑድ ዶራ የምንገናኝ፣ እኔ ትራንዚተር አይደለሁም፤ ቡናዬን ልጠጣበት። ግድ ካላችሁ ግን ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። የላኪው ስም፣ ኪሎው፣ ቀኑ፣ የተቀባዩ ስልክ ቁጥር ይኑርበት፣ ከመስጠታችሁም በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የፓስፖርታችሁንም ፎቶ አብራችሁ አንሱ፤ ኋላ ዋናው እጃችሁ ላይ ባይኖርም፣ ቆንስላው መስኮት ላይ ቁጥሩን ይጠይቋችኋል።